ሌንጂሳ ጀልባው ውስጥ የለም

...ሳሙናው ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ ሳሙናው ሟሟ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚያንጠባጥብ የነዳጅ ታንክ በሳሙና ሲደፍን የኖረ ሰው፣ ከአምቦ እስከ ጊንጪ መንገድ ላይ የቆመ ሾፌር ሁሉ ስሙን የሚጠራ ሰው፣ ቤንዚን ሳሙናን አይነካውም፣ ደረቅ ሳሙና በአውራ ጣት ጠቅጠቅ ታደርግና ትሄዳለህ፣ ነቀምቴ ድረስ ትሄዳለህ፣ ይህን ከሱ የተማሩት ዛሬ ጋራዥ ከፍተዋል። ውሃ ግን። ውሃ ሳሙናን ምን እንደሚያደርገው አንድ ሸሚዝ ያጠበ ሰው ያውቃል፣ ሌንጂሳ ግን ሐይቅ ላይ በሚሄድ ሞተር መጋጠሚያ ላይ ሳሙና ጠቀጠቀ፣ ሞገዱ ረጨው፣ ሳሙናው አረፋ ሆነ፣ ይኸው ደንዲ ሐይቅ መሀል ሞተሩ ጸጥ ብሎ፣ ሦስት ሽማግሌ በጋቢ ተጠቅልለው ፊት ለፊቱ ተቀምጠው፣ ቤንዚኑ ጉልበቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሱ ናቸው። ማዶ ተሻግረው ወርቅቱን ከወንድሟ ከዱጋሳ ሊለምኑለት ነው፣ ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ በየትም አገር አይሄድም፣ ነውር ነው፣ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል። ግን የጀልባው ባለቤት ሮቤራ ይቺን ሞተር ያለ መካኒክ አላውስም አለ፣ ሀምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ካንተ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጣለች፣ መንገድ ላይ ብትታመም ማን ያክማታል አለ። ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ቆመው መከሩ፣ ወሰኑ፣ ሌንጂሳ ጀልባው ውስጥ የለም፣ ያለው ጀልባ ነጂ ነው፣ ባለ ጀልባው በሉት።

ሰውየው ሞተሩን ሠርቼዋለሁ ብሎ አልነበረም እንዴ፣ ይላሉ ኦቦ ኢዶሳ፣ የሦስቱ ታላቅ፣ ዓይናቸውን ከሌንጂሳ አፍንጫ ላይ ሳያነሱ። ብሎ ነበር፣ ይላሉ መምህር ገቢሳ፣ ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ዛሬም የክፍል አለቃ የሚጠይቁ ይመስላሉ፣ እንዲያውም ውሃ አያሳልፍም ብሎ ነበር። አሁን ሰውየው የት ነው። እቤቱ ነዋ። ደግ አደረገ፣ እዚህ ቢሆን ኖሮ ይቺ በትር ሥራ አታጣም ነበር። ሦስተኛው ኦቦ ቀንዓ ከተሳፈሩ ጀምሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፣ መቼ አሜን እንደሚሉ አይታወቅም።

ምን ይበል፣ የሌለ ሰው ምን ይመልሳል። ማን ነው በጀልባ ሃያ ደቂቃ ነው ያለው፣ እኔ፣ በፈረስ ዞሮ መሄድ ሦስት ሰዓት ጭቃ ነው ያለው ማን ነው፣ እኔ፣ አፌን ማን በሳሙና በደፈነልኝ። መጋጠሚያው ሲታይ ነገሩ ከባድ አልነበረም፣ ቱቦው ሞተሩ ላይ የሚሰካበት ጫፍ ነው፣ ውስጡ ጎሚኒ አለ፣ የጥፍር ያህል የጎማ ቀለበት፣ እሱ አርጅቶ ተሰነጣጠቀ፣ በተሰነጠቀው በኩል ቤንዚኑ ይወጣል፣ አየሩ ይገባል፣ ሞተሩ አየር ጠጥቶ ይሞታል። አዲስ ጎሚኒ ለመፈለግ አምቦ መውረድ ነበረበት፣ አምቦ ቢወርድ የዛሬው ሐሙስ ያልፋል፣ ሐሙስ ካለፈ እሑድ ይመጣል፣ እሑድ ደግሞ ቶሌራ።

ቶሌራ። የጎጆ ከተማው ድንች ነጋዴ፣ ባለ አዲስ አይሱዙ፣ ወርቅቱን ሊያስጠይቅ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለት ጊዜ ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ተብሏል፣ ወጉ ነው፣ ሁለቴ ይመለሳል፣ በሦስተኛው ቁርጡ ይነገራል፣ የሱ ሦስተኛ እሑድ ነው። ሌንጂሳ ገና አንደኛውን ሐይቅ መሀል ላይ አቁሞታል። ዓመት ሙሉ የት ነበርክ ቢሉት፣ አምና የወርቅቱን የመስኖ ፓምፕ ሊሠራ ሄዶ፣ በግማሽ ሰዓት ሠርቶ፣ የሌንጂሳ ሥራ አንዴ ነው ብሎ ተኮፍሶ ተመለሰ፣ ፓምፑም አልተበላሸም፣ ትንሽ እንኳ ቢያንጠባጥብ ምን ነበረበት፣ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል።

ባለ ጀልባው፣ ትነሳለች ወይስ እንዋኝ፣ ይላሉ ኦቦ ኢዶሳ።

ትነሳለች። መጋጠሚያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አውራ ጣቱን ስንጥቁ ላይ ተጭኖ፣ ገመዱን ኦቦ ኢዶሳ እንዲስቡ፣ መሪውን መምህር እንዲይዙ፣ እባክዎ መምህር ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ሲባሉ ቀኝ፣ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተነሳ፣ ጀልባው እንደ ሰከረ ሰው እየተወላገደ ማዶ ደረሰ። የኦቦ ኢዶሳ ጋቢ አንዱ ጫፍ ቤንዚን ጠጥቷል፣ አማች ቤት ቤንዚን እየሸተቱ ሊገቡ ነው፣ በትራቸውን አንስተው ሽቅብ ወጡ፣ ሌንጂሳ አጎንብሶ ቀረ።

የዱጋሳ ቤት ከዳርቻው ቅርብ ነው፣ ንግግሩ ይሰማል። ምርቃት፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ከዚያ ነገሩ፣ ከዚያ ዱጋሳ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አክብራችሁ መጥታችኋልና እግዜር ያክብርልን፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። ይኸው አለቀ፣ አንድ። እነ ኦቦ ኢዶሳ በክብር ተሰናብተው ወረዱ፣ በክብር ተሳፈሩ፣ ስንጥቁ ሰፍቶ በአውራ ጣት አልደፈን አለ፣ ሌንጂሳ ገመዱን ሳበ። አንዴ። አምስቴ። አሥራ አንዴ። ዱጋሳ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል፣ በቅሎ እንዳይሰጣቸው በቅሎዎቹ ገበያ ሄደዋል፣ መቼም ሽማግሌ ዳርቻ ላይ አይጣል። ኦቦ ኢዶሳ አገጫቸውን በትራቸው ላይ አሳርፈው ረጅም አሰቡ።

ተመለሱ ብሎን የለም፣ አሉ። ሌላ ቀን ነው ያለው፣ አሉ መምህር። እኔ የሰማሁት ተመለሱን ነው፣ ቀኑን እሱ ያስላ፣ ተነስ ቀንዓ። አሜን፣ አሉ ኦቦ ቀንዓ፣ እና ሦስቱም ወርደው እንደገና ሽቅብ ወጡ፣ ምርቃቱን ከመጀመሪያው ሲጀምሩት፣ ዝናቡ እንዴት ነው ሲሉ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ሌንጂሳ በዳርቻው ሰማ፣ የዱጋሳ ድምፅ ቅድም የነበረው ኩራት የለውም፣ ደነገጠ መሰለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አላስተማረውም።

አካም ጂርታ፣ ሌንጂሳ። ከኋላው ነው። ወርቅቱ፣ ቦት ጫማዋን እንዳጠለቀች ከድንች ማሳዋ እየመጣች፣ መድኃኒት መርጫዋን ጀርባዋ ላይ አዝላ። ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ አለ፣ ግን እኔ እዚህ የለሁም፣ እዚህ ያለው ባለ ጀልባው ነው። እሺ፣ ባለ ጀልባው ምን ሆኖ ነው። መጋጠሚያው ነው፣ ጎሚኒው አልቋል፣ ሳሙና፣ ሳሙናውን ተወው፣ አይነገርም። መርጫውን አወረደች፣ ከጎኑ ካለች ትንሽ ኪስ አወጣች፣ ጥቁር፣ አዲስ፣ የጥፍር ያህል፣ ለመርጫዬ መለዋወጫ ነው፣ ልክ ከሆነ። ልክ ነው። ልኩን ከሩቅ ያውቀዋል፣ አሮጌውን በካቻቢቴ ጫፍ አወጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ ሰካ፣ ቀጭ አለ፣ የጎማውን ኳስ ጨምቆ ቤንዚኑን ገፋ፣ ጠበቀ፣ በጣቱ ዙሪያውን ዳበሰ። ደረቅ። አይ እጅ፣ አይ ሌንጂሳ።

ያ ፓምፕህ ዓመት ሙሉ አልተበላሸም፣ አለች፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ። የኔ ሥራ አንዴ ነው አለ። ተበላሽቶ ቢሆን ትመጣ ነበር። ምን ማለቷ ነው፣ ሥራዬን ነው የምትነቅፈው። ሽቅብ ቤት ውስጥ ዱጋሳ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ያው መልስ ነው፣ ሌላ ቀን፣ ሁለት። አሁን ሲወርዱ ትነሳለች፣ አለች ወርቅቱ። በአንድ ጉተታ፣ አለ ሌንጂሳ፣ ደረቱን ነፍቶ። በአንድ ጉተታ፣ አለች፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ መልሳ፣ እና ትሄዳላችሁ።

እንሄዳለን። እንሄዳለን፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ አርብ፣ ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ... ኧረ የኔ ደደብ፣ ኧረ አንተ ግንድ፣ ሁለት ሆኗል፣ ይቺ ሞተር ካልተነሳች ተመልሰው ይወጣሉ፣ ሦስት ነው፣ ዛሬ ሦስት ነው፣ ከተነሳች ደግሞ እሑድ አይሱዙው። ግን እንዴት ነው፣ የተሠራ ነገር እንዴት ይፈታል፣ ሃያ ስምንት ዓመት፣ አንድ ቀን የሠራሁትን አላፈረስኩም፣ እነ ኦቦ ኢዶሳ ጊንጪ ሲመለሱ ምን ሊሉ ነው፣ መካኒክ ተብዬው ሦስት ሽማግሌ ሐይቅ ዳር አስቀርቶ፣ ጋራዥ ሁሉ ይስቃል፣ ያስተማርኳቸው ሁሉ። የእግር ኮቴ ተሰማ፣ እየወረዱ ነው። እጁ ቀድሞት ሄደ፣ መጋጠሚያውን ነቀለ፣ ጎሚኒዋን አወጣ፣ ለወርቅቱ ዘረጋላት፣ የተሰነጠቀውን መልሶ ሰካ። እሷ ኪሷ ከተተችው፣ መርጫዋን አዘለች፣ ዞር ብላ ቆመች።

ሳበ። ሳበ። ከልቡ ሳበ፣ ላብ እስኪወርደው፣ ሞተሯ አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰችም፣ ቤንዚኑ እንደ ቅድሙ ጉልበቱ ላይ። ኦቦ ኢዶሳ መጋጠሚያውን አዩ፣ ወርቅቱን አዩ፣ የሌንጂሳን እጅ አዩ፣ ሽማግሌ ምን ይሰወረዋል፣ ቀስ ብለው ተነሱና በትራቸውን ጨበጡ፣ እንሂድ፣ ሦስተኛው ነው፣ በሦስተኛው ደግሞ እውነት ነው የሚነገረው፣ አሉ።

እውነቱንም ተናገሩ፣ ድምፃቸው ዳርቻው ድረስ ይሰማል። ዱጋሳ ጠየቀ፣ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነው። ኦቦ ኢዶሳ መለሱ፣ አይሰርቅም፣ አይጠጣም፣ እናቱን ጦሮ ቀብሯል፣ ሞተር ግን አይችልም። ምንም አይችልም፣ ዱጋሳ ይጠይቃል። ምንም፣ ዓይናችን አይቷል። መምህር ገቢሳም እውነት ነው አሉ፣ ኦቦ ቀንዓም አሜን አሉ፣ ዱጋሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ተሰማ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ተጣራ፣ ወርቅቱ፣ ነዪ፣ ቃልሽን እንስማ።

ትሰማለህ የሚሉትን፣ አለችው፣ ሳትሄድ። እሰማለሁ። ዝም ትላለህ። ሌላ ቀን ቢሆን፣ ጋራዥ ውስጥ ቢሆን፣ ይህን ያለውን ሰው አንገቱን ይዞ ሞተር ያስፈታው ነበር፣ አፉ ተከፍቶ ተመልሶ ተዘጋ፣ ዝም እላለሁ አለ። እንግዲያው እሺ ልላቸው ነው፣ አለች፣ እና በዚያ ትልቅ ቦት ጫማዋ ሽቅቡን ወጣች፣ ሌንጂሳ በቤንዚን የራሰ ሱሪውን ይዞ ጀልባው ላይ ተቀመጠ፣ ሞተር አይችልም ይበሉ፣ ጊንጪ ይበሉ፣ አምቦ ይበሉ፣ ጌዶ ድረስ ይበሉ፣ ሾፌሩ ሁሉ ይስማ፣ እሺ ልትላቸው ነው።