የተቆለፈው እጅጌ

«አትቅመሺው!»

የሞገስ ጩኸት ዳሱን ጸጥ አሰኘው። ወሰንየለሽ የወተቱን ኩባያ እንደያዘች ቀረች። ወተቱን ያመጣችው ጎረቤቷ ሙሚና ናት። የወሰንየለሽ ባል ጀምበሩ ከተቀበረ ጀምሮ ጧት ጧት ታመጣለች፤ ማንም ሳይነካው ይደፋል።

«ወንድሜ በሞተበት ዕለትም የዚችን ሴት ወተት ጠጥቶ ነው የወደቀው!» አለ ሞገስ፤ ከመንዝ ድረስ ለቅሶ የመጣ የሟች ታላቅ ነው። «መርዝ አቅምሳዋለች። ዛሬውኑ ለፖሊስ አመለክታለሁ!»

ሙሚና በሩ ላይ ድርቅ አለች። «ወላሂ!» አለች።

ለቀስተኛው ሹክሹክታውን ቀጠለ። ወይ ሰው! ጀምበሩ የክሊኒክ ድሬሰር ነበር፤ አሰበ ተፈሪ ውስጥ እሱ ያላከመው ቤት የለም። ታዲያ እሱን የሚያህል ባለመድኃኒት እንዲሁ ይሞታል? ገድለውት ነው እንጂ!

ወሰንየለሽ ግን ታውቃለች። ለወባ ሥራ ሚኤሶ ሲወርድ፣ በዚያ ሐሩር እንኳ፣ ባሏ እጅጌውን ሰብስቦ አያውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገልብጦ ወገቡን ተጎዳ። ለሕመሙ ሞርፊን ተወጋ። ሕመሙ ተወው፤ መርፌው ግን አልተወውም። ከክሊኒኩ እየሰረቀ ራሱን ይወጋ ጀመር። በሽተኛውን ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ ሲቆጣ የኖረ ሰው የራሱን ደበቀ።

አንድ ቀን እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ።

«ወሰኔ፣ እሳት ያቃጠላት ልጅ መጥታ ነበር። የሷን መድኃኒት ለራሴ ወስጄ እሷን ውሃ ወጋኋት። ስትጮህ አደረች።»

«ተው እንግዲያ፣ ስለ እመቤቴ!»

«መተው አቃተኝ። ብቻ ለማንም እንዳትነግሪ፤ አደራ!»

በነጋታው ጧት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የእጅጌውን ቁልፍ ቆልፋለት ወደ ሥራው ሸኘችው። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት የምትቆልፍለት እሷ ሆነች።

የሟች አደራ ይከብዳል። ሙሚና ግን በሕይወት አለች፤ ልጆችም አሏት።

ወሰንየለሽ ወተቱን ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። ሴቶቹ «ኡኡ!» አሉ። እሷ ግን ተነሥታ፣ ለሙሾ ከተዘረጋው የባሏ ልብስ መሐል ነጩን ሸሚዝ አነሣች፤ ቁልፉን ፈትታ እጅጌውን ገለበጠችው። ውስጡ ሳሙና ባላስለቀቀው የደም ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል።

«ጋሼ፣ ወንድምዎን የገደለው መርፌ ነው። መጠኑን አብዝቶ በገዛ እጁ የወጋው መርፌ። እኔም እያወቅሁ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሁ። ሙሚናን ይተዉልኝ።»

ሞገስ ሸሚዙን ትክ ብሎ አየው። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ ተንሰቀሰቀ።

ሙሚና ገብታ ወሰንየለሽን አቀፈቻት። «ኢንተለ ኮ! ልጄ! ምነው ብቻሽን ቻልሽው?»

ወሰንየለሽ ተመልሳ ተቀመጠች። ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የተገለበጠውን እጅጌ አቃንታ፣ እንደ ሁልጊዜው ጧት፣ ቁልፉን ቆለፈችለት።