የወፍጮ ቤቱ ወረፋ

ወፍጯችን የቆመው ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የሚለያዩበት መንገድ ዳር ነው። ሁለቱ ሰፈሮች ሆድና ጀርባ ናቸው። በምን እንደተጣሉ ብትጠይቁ ሁሉም የየራሱን ያወራላችኋል፤ ሁሉም የሚቆጥረው ሟች አለው። እህል ግን መፈጨቱ አይቀርም። ስለዚህ የሁለቱም ሰፈር ሴቶች ጆንያቸውን ተሸክመው እኛ ዘንድ ይመጡና አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወረፋ ይጠብቁ ነበር።

ሞተሩ የእኔ ነው፤ ወረፋው የሚስቴ። እኔ ዱቄት ለብሼ፣ ጆሮዬ በሞተሩ ጩኸት ደንቁሮ እውላለሁ። እሷ በሩ ላይ ቆማ አንዷን ከላይ፣ አንዷን ከታች እያፈራረቀች ታስቀምጣለች። «ጠጋ በይ እህቴ፣ ጆንያዋ አይነክስሽም» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ጀርባ ይሰጣጡ ነበር። እየቆየ የልጅ ሳል በምን እንደሚለቅ መጠያየቅ ጀመሩ፣ ባሎቻቸውን አብረው ማማትም መጣ። ልጃችንን ታች ሰፈር የዳርናት በዚያው አግዳሚ ምክንያት ነው፤ አማቷ እህል ልታስፈጭ መጥታ ዓይኗን ጣለችባት።

ነገር የከረረ ቀን ሚስቴ ትጠቅሰኛለች። እኔም ሞተሩን አጠፋና «ቺንጋው ተበጠሰ!» ብዬ እጮኻለሁ። ቺንጋው ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ ነው፤ ባይበጠስስ ማን ገብቶ ያያል? «በሉ እስኪሠራ ተጫወቱ» ትላቸዋለች። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ደግሞ «አትቸኩል» ትለኛለች። አንዴ የላይ ሰፈር በሬ ጠፍቶ «ታች ሰፈር አርደው በሉት» ተባለና ጎረምሳው ሁሉ ዱላ አነሣ። የባለበሬው ሚስት አግዳሚው ላይ ከአንዲት የታች ሰፈር ሴት ጎን ተቀምጣ ነበር። እኔ ደህናውን ቺንጋ ስፈታና ሳስር፣ ያቺ ሴት በሬውን ጠዋት ወንዝ ዳር ሲግጥ አይታው እንደመጣች አወራች። በሬውም ተገኘ፣ ዱላውም ወደየቤቱ ገባ። ሚስቴን «ዳኛዬ» እያልኩ እቀልድባታለሁ። እሷም «አንተ ውሸታም መካኒክ» ትለኛለች።

ይህ ወሬ ከተማ ደረሰ። በየሰፈሩ ሰው የሚያስታርቁትን እንደግፋለን የሚል ድርጅት አንዲት ሠራተኛ ላከልን። ደግ ልጅ ናት፤ ክፉ አልናገርባትም። አግዳሚው ላይ ከሴቶቹ መሀል ቁጭ ብላ «ምን ቸገራችሁ?» አለቻቸው። ሴቶቹ በአንድ አፍ «ወረፋው!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጆንያ ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት ወገብ ይቆርጣል፣ መጠበቁም ቀን ይበላል። ልጅቱ የነገሯትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ለአለቆቿ አደረሰች። ታች ሰፈር አዲስ ወፍጮ ተተከለ።

ሲመረቅ ሚስቴ ከሁሉ በፊት አጨበጨበች። ምን ታድርግ? የእናቶች ወገብ አይረፍ ትበል? ቤት ስንገባ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና «ወሰዱብኝ» አለች።

«ሥራ ነው የቀነሱልሽ» አልኳት።

ከታች ሰፈር የሚመጣ ጆንያ ቀረ። ልጃችን እኛን የምታየው እህል አስፈጫለሁ በሚል ሰበብ ነበር። ባሏ «የራሳችን ወፍጮ እያለ ምን ዳገት ያወጣሻል?» አላት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል፤ ሆዷ ሲገፋ እንኳ አላየንም።

በዚህ መሀል አንድ የታች ሰፈር ባለ ሞተር ሳይክል መንገድ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ታች ሰፈር «ገደሉብን» አለ፣ ላይ ሰፈር «ሊመጡብን ነው» አለ። ሚስቴ ጠቀሰችኝ፤ ቺንጋውን «በጠስኩት»። ግን አግዳሚውን የሞሉት የላይ ሰፈር ሴቶች ብቻ ነበሩ። ሁሉም የያዙት አንድ ወሬ ነው፤ እየተቀባበሉ አሳበጡት፣ ሲመጡ ከነበራቸው ፍርሃት የባሰ ይዘው ሄዱ። ሚስቴ ስታያቸው ቆይታ «ዳግመኛ አትበጥሰው» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት የመጣ ሰው የለም። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። የልጃችን ስልክ አይጠራም። ሚስቴ ደጋግማ ሞክራ፣ በመጨረሻ የከተማዋ ልጅ ጋ ደወለች።

«እትዬ፣ ምን ላግዝዎት? የሚፈልጉትን ብቻ ይንገሩኝ» አለች ልጅቱ።

«ወረፋዬን መልሺልኝ።»

ልጅቱ ስትንሰቀሰቅ ለእኔም ተሰማኝ። ሚስቴ ነች «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ብላ አባብላት ስልኩን የዘጋችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ሞተሩን አስነሣው» አለች።

«ምን ልፈጭ? ባዶውን ካሽከረከርኩት ድንጋዩ እርስ በርሱ ተበላልቶ ያልቃል።»

«ይለቅ። ክፍት መሆናችንን ልጄ ትስማ።»

በዕድሜዬ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ ባዶ ወፍጮ አስነሣሁ። ድንጋዩ ተንጫጫ፣ ቤቱ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ከዳገቱ አልነቀለችም። ድንገት አንድ ነገር ጧ አለና ወፍጮው ቆመ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ቺንጋው ተበጠሰ!» ብዬ ጮህኩ፣ አፌ ለምዶበት።

«አልጠቀስኩህም እኮ!» አለችኝ በቁጣ።

የተበጠሰውን አንሥቼ አሳየኋት። ያን ጊዜ፣ ሞተሩ ዝም ባለበት፣ ከታች ሰፈር ተኩስ ሲንጣጣ ለእኔ ለደንቆሮው እንኳ ተሰማኝ። ሚስቴ ሁለት ጆሮዋን በመዳፎቿ ደፈነች።

«ቶሎ በል» አለችኝ። «ባክህ፣ ቶሎ በል።»