ምስጥ የማይደርስበት ግቢ

ኢታንግ ውስጥ ቤት መሥራት ምስጥ መቀለብ ነው። የኛሉዋልን ሁለት ቤቶች በየተራ በልቶባታል፤ ሁለተኛውማ በክረምት ጣሪያው ከነሣሩ ነው የተከነበለባት። ሦስተኛውን ከከተማው ዳር፣ ድሮ የአንድ እርሻ መጋዘን በነበረበት ባዶ መሬት ላይ ሠራችው። ይኸው አራት ዓመቱ፣ አንድም ምሰሶ አልተነካም። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ልጇ ኛይየን ልትወልድ የመጣችውም እዚሁ ነው። ኛሉዋል የልጅ ልጄን በማይወድቅ ጣሪያ ሥር ካልተቀበልኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ኩራቷ ደግሞ አይጣል ነው! ጎረቤቶቿ ምሰሶ በለወጡ ቁጥር ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች።

ከሁለት ወር በፊት የወረዳው ግብርና ባለሙያ አለማየሁ ለሴቶች ማኅበር የአትክልት ቦታ ሊመርጥ መጥቶ፣ አፈሩን ለመፈተን በስድስት ግቢ መዳፍ የምታህል ነጭ አቡጀዲ ቀብሮ ነበር። ዛሬ ሊያወጣ ሲመለስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ተከተለው። የጎረቤቷ የኛዴንግ አቡጀዲ ክሩ ብቻ ቀርቶ ወጣ፤ ኛዴንግም አፈረች። የኛሉዋል ግን እንደተቀበረ ነጭ ነው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ተመልከቱ! የእኔ አፈር ንጹሕ ነው! ማኅበር እዚህ ይትከል!»

አለማየሁ አልሳቀም። ጨርቁን አገላብጦ አሸተተው።

«እማማ ኛሉዋል፣ እዚህ ትል አይተው ያውቃሉ? ጉንዳንስ?»

«የለም። ምንም የለም። ጎበዝ መሬት ነው።»

«ጨርቁን የሚበላው አፈር ውስጥ ያለ ነፍስ ነው። የኛዴንግ መሬት በሕይወት አለ። የእርስዎን ግን አንድ ነገር ገድሎታል።»

«አንተ ከመቼ ጀምሮ የምስጥ ዘመድ ሆንክ?»

ሰዉ ሳቀ። አለማየሁ ቁፋሮውን ቀጠለ፤ ጉድጓዱ ጉልበት ሲደርስ አካፋው ብረት መታ። ዝገት የበላው በርሜል ነበር፤ ጎኑ ተቀዷል፣ የመርዝ ምልክት የሆነው የራስ ቅል ሥዕል ገና አልጠፋም። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ሸሸ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ መጋዘኑን ያፈረሱት ሰዎች የተረፋቸውን የተባይ መርዝ ቀብረውላት ኖሯል የሄዱት።

«ውሃ ከየት ነው የምትጠጡት?» አለ አለማየሁ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ከቦኖ።»

ትንሽ ተነፈሰ። «ከዚህ አፈር ወደ አፍ የገባ ነገርስ አለ?»

ኛሉዋል ቤቷን አየች። አለ ካለች ዛሬውኑ ውጡ ይሏታል፤ የለም ካለች ምናልባት በርሜሉን ብቻ አውጥተው ይሄዱ ይሆናል።

«የለም» አለች።

ይህን ስትል ኛይየን ጫጫታውን ሰምታ ከቤት ወጣች። ነፍሰ ጡር አፈር ያምራታል፤ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ በጊዜያቸው ከኩይሳ እየቆረሱ በልተዋል። ኛሉዋል ግን ለልጇ ኩይሳ አልፈለገችም። ምስጥ የተፋውን ልጄ አትበላም ብላ፣ ከገዛ ምሰሶዋ ሥር ምስጥ ያልነካውን እየቆፈረች በየቀኑ ታቀርብላት ነበር። ኛይየን አሁንም እያኘከች ነው።

አለማየሁ «የለም» ብሎ ጽፎ ደብተሩን ሊከድን ነው።

«አለ!» ብላ ጮኸች ኛሉዋል። «አለ! ዋሸሁ! ልጄ በልታለች፣ ሁለት ወር፣ በየቀኑ። እኔ ነኝ በእጄ የሰጠኋት! ቤቱን አፍርሱት፣ አምቡላንስ ጥራ!»

አለማየሁ ስልኩን ከኪሱ እስኪያወጣ አልጠበቀችም። ሮጣ ልጇን ያዘቻት። ኛይየን ግራ ገብቷት አፈር የያዘውን እጇን ጨበጠች፤ ኛሉዋልም እያለቀሰች ጣቶቿን አንድ በአንድ ትፈለቅቅ ጀመር።