የአሮጌው ፍሬዛ አፍ

ታሪኩ ጂዳ ከተማ ፔትሮሚን ሰፈር በሚገኝ ወርክሾፕ ውስጥ ማሽኒስት ነበር። ሚስቱ ስንቅነሽ ደግሞ ጃሚዓ ሰፈር በወርክሾፑ ባለቤት ቤት ትሠራለች፤ የሁለቱም ከፊል፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን የያዘው አሠሪ፣ እሱው ነው።

ወርክሾፑ ውስጥ ፍሬዛ የሚባል አሮጌ የብረት መቁረጫ ማሽን ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው የመቁረጫ መያዣ አፉ ውስጥ አይገባለትም። ታሪኩ «እኔ አሰፋዋለሁ» ብሎ ፎከረ። መቁረጫውን የሚያሽከረክረውን ዘንግ ፈትቶ በሌላ ማሽን፣ በቶርኖ፣ አፉን ሲያሰፋው ግን ቀዳዳው ከመሀል ሸሸ። መቁረጫው እየዋለለ ብረቱን ይቦጭቅ ጀመር።

ከፊሉ መጥቶ «ማነው ያበላሸው?» አለ። ለታሪኩ ዕቃ ሲያቀብል የነበረው የወሎው ጀውሀር «እኔ ነኝ፤ ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው» አለ። ወዲያው ፀሐይ ላይ ብረት እንዲያወርድ ወደ መጋዘን ተላከ። ታሪኩ ፊቱ በእፍረት ጋለ፤ ግን ወደ ማሽኑ ዞሮ መፍቻውን አነሳ።

በማግስቱ የተበላሸው ቀዳዳ ውስጥ የብረት ቀለበት አጥብቆ ከተተ። አሁን ቀዳዳው ከመሀል እንዳይሸሽ ዘንጉን ሳይፈታ፣ እዚያው ቦታው ላይ እያሽከረከረ ቀለበቱን ከውስጥ ቆረጠው። አዲሱ መያዣ ልክክ ብሎ ገባ። ከፊሉ ሲያመሰግነው ታሪኩ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ጀውሀር የለበትም» አለ።

ከፊሉ «ሠራ አይደል? ኸላስ፣ አለቀ» ብሎት ሄደ።

ታሪኩ መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ጀውሀርን «ለምን ዋሸህልኝ?» አለው።

«አንተን ቢያባርርህ ስንቅነሽ እዚያ ቤት ብቻዋን ትቀራለች ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

ይህ ሐሳብ ለእሱ፣ ለባሏ፣ አልመጣለትም ነበር። ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም፤ ጎንበስ ብሎ ጀውሀር ሊያነሳው የነበረውን ብረት ሌላኛ ጫፍ ያዘለት።