ካርታ ላይ የቀረው ማማ

ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት የውጭ አገር ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ጡረተኛ ነው። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ አትላስ» ይለዋል፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የጡረታ ቢሮው ብቻ ናቸው። ግድግዳው ካርታ፣ መሳቢያው ፖስትካርድ ነው። ከከተማው ወጥቶ አያውቅም፤ ግን ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይመጣል። መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ የትኛው ድልድይ በየት በኩል ሲሻገሩት እንደሚያምር ያስረዳል። ከሄዱት ውስጥ «ተሳስተዋል» ያለው የለም፤ ወይ አልተመለሱም፣ ወይ አፍረዋል።

ውጭ የምትሠራው ልጃቸው ሁለት ትኬት ላከች።

«ያየሁትን ከተማ ለማየት ወገቤ ምን በደለኝ?» ብሎ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን መርፌና ክሯን በቦርሳዋ ይዛ ተነሳች። መንገዱን በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረበትን ካርታና አንድ የማማ ፎቶ ጨመረላት።

በደረሰች ማግስት ልጅቷ ሥራ ስትገባ እናትየዋ ብቻዋን ወጣች። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆማ ለባሏ ደወለች።

«ወደ ግራ ታጠፊ» አላት። «ከፊትሽ የሰዓት ማማ አለ።»

«ከፊቴ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው።»

«ያን የሚያክል ማማ እንዴት ይሰወርብሻል? በደንብ እዪ።»

«እያየሁ ነው እኮ።»

«እንግዲያው የወረድሽው ሌላ ከተማ ነው።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ክርክሩ የት እንደሚያደርስ ታውቃለች። ስልኩን ዘግታ ፎቶውን ጥግ ላይ ለቆመች ፍራፍሬ ሻጭ አሳየቻት። ቋንቋ አይግባቡም። ሻጯ አየት አድርጋ እጇን ሽቅብ ዘረጋችና ቁልቁል ጣለችው፤ ፈርሷል ማለቷ ነው። ከዚያ ክንዷን ይዛ ወደ አንዲት ጠባብ የጫማ መጠገኛ ወሰደቻት።

ሽማግሌው ጫማ ሰፊ ፎቶውን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ። ከማማው ሥር የምትታየውን ደብዛዛ በር በጣቱ ነካ፤ ቀጥሎ የራሱን ደረት፤ የድሮ ሱቄ ናት ማለቱ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወንበር ሰጣት። የጫማዋን የተላቀቀ ሶል ሳትጠይቀው ሰፋላት፤ እሷም የሽርጡን የተተረተረ ኪስ ጠቀመችለት። ልጅቷ ከሥራ ወጥታ፣ ጫማ ሰፊው በእናቷ ስልክ በነገራት አድራሻ ስትደርስ ሁለቱ እየተሳሳቁ ነበር። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ዛሬም አልገባትም።

ስትመለስ ጎረቤት ተሰበሰበ። ስለ ሐውልቱ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ ጠየቋት። አላየችም። ስለ ጫማ ሰፊው አጫወተቻቸው። ባሏ ጥግ ይዞ ሰማ። ሰዉ ሲበተን፣

«ፎቶውስ?» አላት።

«ለጫማ ሰፊው ሰጠሁት። የማማው ፎቶ አንድም አልነበረውም።»

 ለፎቶው ይሳሳ ነበር።

«ለመሆኑ ሰውየው ማማው ላይ ሲወጣ ምን ምን ይታየው ነበር?»

«ወጥቶ አያውቅም። ‹አጠገቤ ነው፣ ነገ እወጣለሁ ስል ፈረሰ› ብሎ ነው በልጅህ በኩል የነገረኝ።»

በሳምንቱ፣ ማንም ሳይለምነው፣ ፓስፖርት ሊያወጣ ሄደ። ሚስቱ አብራው ተሰለፈች። ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት የሄዱባቸው አገሮች» የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ከኋላ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጻፍ እንጂ» አለችው።

«ቦታው ጠባብ ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን «የለም» ብሎ ጻፈና ፈረመ።