የደረቀ ግቢ

ላሞቹ ካልበዙ የወንዙ ቆሻሻ ለምን በየዓመቱ ይበዛል?

ደርቭላ ይህን ጥያቄ ይዛ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማለች። መልሱን አታውቀውም። ወንዙ ከኮረብታው ተነሥቶ በሰባት ቤቶች ጓሮ አልፎ ባሕር የሚገባ፣ ጎረምሳ በአንድ ዝላይ የሚሻገረው ትንሽ ውኃ ነው። ባሕሩን በሚገናኝበት ቦታ ኦይስተር የሚባል ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ይረባል፤ ሰው ቅርፊቱን ከፍቶ፣ ሎሚ ጨምቆበት፣ ጥሬውን የሚውጠው ማለት ነው። ውኃው ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያ በመብዛቱ ከጸደይ ጀምሮ እሱን መሸጥ ተከልክሏል። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት በኮምፒውተር የሠራው ስሌትም ጥፋተኛውን ለይቶ ተናግሯል፦ የማላኪ ላሞች።

ስሌቱን የሠራው እዚያው ጽሕፈት ቤት ያለው አለቃዋ ነው። የከብቱን ብዛት፣ የመሬቱን ቁልቁለት፣ የዝናቡን መጠን፣ የየቤቱን የፍሳሽ ጉድጓድ ሁኔታ አስገብቶ፣ ከቆሻሻው አብዛኛው ከላም የመጣ ነው የሚል ቁጥር አወጣ። ጉድጓዶቹን ዞራ ያየችው ግን እሷ ናት። ክዳን እያነሣች፣ ዙሪያውን በቦቲ ጫማዋ እየረገጠች። መሬቱ ደረቅ ከሆነ ጉድጓዱ ደህና ነው፤ ስሌቱ የሚያውቀው ይህን ነው። ሁሉም ደረቅ ነበር፣ ከአንዱ በቀር። የማላኪ ግቢ ይረጥባል፤ ይሸታልም።

የአጎቷ ልጅ ኮልማን በትራክተር መጥቶ ድልድዩ ላይ ቆመ። ኦይስተሩ የእሱ ነው።

«አሁንም ውኃ ትቀጂያለሽ? ኒውዚላንድ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ይህንን ነው?»

«ከዘነበ ሳምንት አለፈው» አለችው። «እበት ከማሳ የሚታጠበው በዝናብ ነው። ውኃው ግን ዛሬም ቆሻሻ ነው።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ አላውቅም።»

«አላውቅም ለማለትማ እኔን በግማሽ ደመወዝ ይቅጠሩኝ።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ለማንኛውም ተገላገልን። ሽማግሌው ዓርብ ከብቶቹን ገበያ ያወጣል።»

«ማን አስገደደው?»

«ማንም። በሩ ላይ የጻፈበትንም እኔ አላውቀውም።» ይህን ያለው ሳትጠይቀው ነው። «ሐሙስ እንዳትቀሪ። ቅዳሴው እኛ ቤት ነው። ሚስቴ የዶሮ ቤቱን ሳይቀር ቀብታዋለች።»

በዚያ ሸለቆ በየመከሩ ወራት ቄሱ ቤተ ክርስቲያናቸውን ትተው በአንድ ሰው ማድቤት ይቀድሳሉ፤ ተራው ከቤት ቤት ይዞራል። ተራ የደረሰው ቤት ግድግዳ ይቀባል፣ ሣር ያጭዳል፣ መስኮት ይቀይራል። ቄሱ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ፤ የጎረቤት ዓይን ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቀራል።

ደርቭላ ጠርሙሶቿን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣ ሽቅብ ወደ ማላኪ ወጣች። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ቆሻሻ» የሚል ተጽፎበታል። አንድ ሰው ሊፍቀው ሞክሮ ትቶታል፤ ቃሉ አሁንም ይነበባል።

ማላኪ ሰባውን ያለፈ፣ ሳያገባ የኖረ ሰው ነው። ጋጣው ውስጥ ድርቆሽ እየበተነ አገኘችው።

«መጣሽ?» አላት ሳይዞር። «ያልተቆጠረ ጭራ አለ?»

«ጋሽ ማላኪ፣ ላሞቹን አይሽጡ። ናሙና ለአዲስ ምርመራ ወደ ቤተ ሙከራ ልኬያለሁ። የላም አንጀት ባክቴሪያና የሰው አንጀት ባክቴሪያ ዘሩ ይለያያል። ከየትኛው እንደ መጣ ይነግሩናል።»

«ይህ ምርመራ ቀድሞ አልነበረም?»

«ነበር። ውድ ነው ተባለ።»

«እኔ ርካሽ ስለሆንኩ በእኔ ጀመራችሁ።»

ደርቭላ ዓይኗን ወደ ድርቆሹ መለሰች።

«ወንዙን ካጠርኩት አምስት ዓመት ሞላኝ» አለ። «ላሞቼ የሚጠጡት ከገንዳ ነው። ይህን ለስሌታችሁ ነገራችሁት?»

«ስሌቱ አጥር አይጠይቅም።»

«እንግዲያው እኔንም አይጠይቀኝ።» መንሹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ሱቅ ስገባ ሰው ዝም ይላል። ዝምታ አዲሴ አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ከኋላዬ እንደ ላም ሲጮኹብኝ ግን ይህንስ አልቻልኩትም።»

«ውጤቱ ሐሙስ ይመጣል።»

«ከብት ጫኙ መኪና ዓርብ ጠዋት ይመጣል። ከእሱ ቀድመሽ ከደረስሽ በሩ አይቆለፍም።»

ውጤቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣ። የላም ምልክት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሰው ነው። ከሁሉም ናሙና፣ ከላይኛው ድልድይ ጀምሮ እስከ ባሕሩ፣ በየቤቱ ሥር ባለፈ ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ የሰው ቆሻሻ። ለአለቃዋ ደወለች። «ሁለተኛ ናሙና እስኪያረጋግጠው ድረስ ከአፍሽ እንዳይወጣ» አላት። ስልኩን ዘጋችበት።

እናቷ ፊሎሚና ማድቤት ውስጥ ለኮልማን ቤት የሚወሰደውን ዳቦ እየቆረጠች ነበር።

«እማ፣ የእኛ የፍሳሽ ጉድጓድ እንዴት ነው?»

«እንደ ሳህን የደረቀ ነው። አንቺው አይተሽው የለ?»

«ሁልጊዜ ደረቅ ነበር?»

«ድሮማ ይረጥብ ነበር። ይህ አገር ሸክላ አፈር ነው፤ ምን ይመጥጣል? ቅዳሴው እኛ ዘንድ ሊገባ ሲል አባትሽ አደረቀው፣ ነፍሱን ይማረውና። ቄሱ በጓሮ ቢመጡስ ብሎ።»

«በምን አደረቀው?»

«በቧንቧ ነዋ። አያትሽ ማሳውን ሊያጠነፍፉበት ከሠሩት የድንጋይ ቦይ ጋር አገናኘው። ሰው ሁሉ ግቢያችንን አይቶ ቀና። በዓመቱ እነ ጋቪጋን ተራ ሲደርሳቸው እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ መምህሯ። ከዚያም…» ቢላዋው ቆመ። «ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ቦዩ የት ነው የሚወጣው?»

«ውኃ እንግዲህ ቁልቁል ነው የሚሄድ።»

በየዓመቱ አንድ ቤት። ተራው በዞረ ቁጥር አንድ ቧንቧ። ደርቭላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ደግሞ ተነሣች።

«የማላኪ ተራስ መቼ ነበር?»

«የማላኪ? ሴት በሌለበት ቤት ማን ይቀድሳል? እሱን ይዘሉታል። ከጥንትም ነው።»

እንግዳ ገብቶበት የማያውቅ ቤት፣ ስለዚህም ቧንቧ ያልተቀበረበት ቤት። ጉድፉን በገዛ መሬቱ ይዞ የኖረው እሱ ብቻ ነው፤ የሚሸተውም ለዚያ ነው። እሷ ደግሞ በቦቲ ጫማዋ ረግጣ፣ ረጠበ ብላ፣ በስሙ ላይ ምልክት አድርጋበታለች። ሌሎቹን ረግጣ፣ ደረቀ ብላ፣ አልፋቸዋለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እንዲያውም አህያውን አላየችውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን? ደረቅ ነው ወይ አልሽኝ፤ ደረቅ ነው አልኩሽ።»

መኪናዋን ያስነሣችው ወደ ማላኪ ልትሄድ ነበር። መንገዱ መገንጠያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምን ብላ ትግባ? ወረቀት ይዛ? ወረቀትማ ጉድጓዱን ልታይ በሄደች ጊዜም ይዛበታለች። የሰደቡት ሰዎች ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ሲሉት ማየት ፈለገች። ይዛቸው ልትሄድ፣ ካስፈለገም እየነዳች። መሪውን ወደ ኮልማን ቤት አዞረችው።

ግቢው ውስጥ አዲስ ጠጠር ተነጥፏል። ንጹሕ ነጭ መስመር፣ ከፍሳሽ ጉድጓዱ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ድንጋዩ ቦይ። ጠርዙ ላይ ሣሩ ገና አልበቀለም።

ማድቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ቄሱ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ቀደሱ። ሰላም ለመሰጣጣት ሰው ሁሉ ሲጨባበጥ ኮልማን እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው፤ ወዲያውም በራሷ ተናደደች። ቡራኬው አልቆ ሻይ ሲቀዳ፣ ምድጃው አጠገብ ቆማ ተናገረች።

«ወንዙ ውስጥ ያለው የላም አይደለም። የሰው ነው። የእኛ። ለቅዳሴ ብላችሁ የቀበራችሁት ቧንቧ ነው።»

ከዚያ አንዲት ሴት፣ «ሻይ ያልደረሰው አለ?» አለች።

«በቅዳሴ ቀን?» አለ ኮልማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በቤቴ?»

«ከአዲሱ ጠጠር ሥር ምን አለ?»

«ውኃ መውረጃ።»

«ወርዶ የት ይገባል?»

ኮልማን የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሣ።

«ኦይስተርህ ላይ ነው የሚገባው። ስታለቅስለት የከረምከው ኦይስተር ላይ። በርሜል ሙሉ ቀይ ቀለም ቢኖርህ የማን በር ላይ መጻፍ ነበረብህ?»

«ቆይ እንጂ፣ እመቤቲቱ» አለ ኮልማን። አሁን ፊቱ ቀልቷል። «ላም ያልነው እኛ ነን? ጠርሙስ ይዞ የዞረው ማን ነው? ክዳን ከፍቶ ደህና ነው ያለን ማን ነው? እኛ የተነገረንን ነው የተናገርነው። ከሰው አገር ተምራ መጣች ብለን አመንን።»

ጥቂቶች ወደ ሻያቸው አንገታቸውን ደፉ። ደርቭላ ከምድጃው ፈቅ አለች።

«እሺ። የእኔም ጥፋት ነው። ነገ ጠዋት መኪናው ሳይመጣ ማላኪ ጋ ሄጄ እነግረዋለሁ። ከእኔ ጋር የሚመጣ ማን ነው?»

ቄሱ ጫማቸውን እያዩ፣ ነገሩ በጸጥታ ቢታይ እንደሚሻል ተናገሩ። መምህሯ ነገ ትምህርት አለ አለች። ኮልማን ነገ ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ኦይስተሩ የሚያድግባቸውን ከረጢቶች መገልበጥ አለበት፤ ባሕር ሰው አይጠብቅም። ሁሉም ነገ ሥራ ነበረው።

«ደርቭላ፣ ይበቃል» አለች እናቷ፤ ኮቷን ለብሳለች። «የአባትሽን ስም አታስነሺ። ቤታችን እንሂድ።»

አልሄደችም። ቆማ ተከራከረች፤ ስለ ባክቴሪያ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቀለሙ። አንዳቸውንም ከወንበር አላስነሣችም። ስትወጣ ኮረብታው ላይ ያለው የማላኪ መስኮት ጨልሟል። ሽማግሌ ቀስቅሼ አላስደነግጥም፣ ማለዳ እደርሳለሁ አለች።

ማለዳ ስትደርስ በሩ እንዳለው አልተቆለፈም ነበር። ጋጣው ባዶ ነው። ድርቆሹ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ላሞቹ የተኙበት ገና አልቀዘቀዘም። መኪናው ቀድሟት፣ ገና ሳይነጋ መጥቶ ሄዷል።

ገበያው ድረስ ነድታ ስትደርስ ረፍዶ ነበር፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ማላኪን አይቶታል። «ሸጠ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከሰሜን ለመጣ ነጋዴ። ሲጫኑ አላየም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው።» አንገቱን አከከ። «ከዚያ በአውቶቡስ ሄደ። እንግሊዝ አገር እህት አለችው ይባላል።»

መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ደወለች። አያነሣም። ደግማ ደወለች። በመጨረሻ ጻፈችለት፦

«ጋሽ ማላኪ፣ የእርስዎ ላሞች አልነበሩም። የእኛ ነው፤ የአባቴም ቧንቧ አለበት። ትናንት ማታ እርስዎ ጋ መምጣት ስችል ሰፈሩን ልቆጣ ሄድኩ። የት እንዳሉ ይንገሩኝ፤ መጥቼ ፊት ለፊት እነግርዎታለሁ። ደርቭላ።»

መልእክቱ መድረሱን ስልኳ አሳየ። መልስ አልመጣም።