የመዘወሪያው ቀዳዳ

ኤሎዋ የታላቅ ወንድሙን የኦጉስትን የሬሳ ሣጥን በዘይት ጨርቅ እየወለወለ ሳለ ጣቱ ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

ቀኝ ጎኑ ላይ፣ ከጠርዙ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ክብና ንጹሕ ቀዳዳ። ሁለቱ ወንድማማቾች በሚሠሩት የሸክላ ማጫወቻ ሣጥን ሁሉ ላይ የሚበሱት፣ መዘወሪያው የሚገባበት ቀዳዳ ነበር። ትናንት በድካም ፈዝዞ መሰርሰሪያውን ሲያነሣ እጁ የለመደውን ሠርቷል።

የሥራ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የሸክላ ማጫወቻ በመሥራት በምትኖረው በዚህች የዩራ ተራራ ከተማ ያንን ቀዳዳ አይቶ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም።

ከላይ፣ ከወጥ ቤቱ፣ የለቀስተኞች ሹክሹክታ ይሰማል።

"ሣጥኑን ኤሎዋ ነው አሉ የሠራው።"

"ይሁና። ኦጉስት በሕይወት ቢኖር ግን አያስነካውም ነበር" አሉ ጎረቤታቸው እማማ ኦርታንስ። ቡናቸውን ፉት ሲሉ እንኳ እታች ድረስ ይሰማል።

አልዋሹም። ኦጉስት የታናሹን ሥራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጥፍሩ እየዳበሰ ነበር የሚቀበለው። እንከን ሲያገኝ አይቆጣም፤ ሣጥኑን መልሶ ይሰጠውና ወደ ሥራው ይዞራል። ኤሎዋ ከዚያ ዝምታ ስድብን ይመርጥ ነበር።

ተነሥቶ መድፈኛ የሚሆን ቁራጭ እንጨት መጥረብ ጀመረ። ፓስተሩ ከመምጣታቸው በፊት ከደፈነው ማንም አያውቅም።

የኦጉስት ሚስት ክሌማንስ ደረጃውን ወረደች። ዓይኗ አብጧል።

"ሣጥኑ ይምጣ እያሉ ነው።"

ኤሎዋ ቀዳዳውን በመዳፉ ሸፈነ።

"ምንድን ነው የምትደብቀኝ?"

"ምንም የለም፣ እትዬ።"

"እጅህን አንሣ።"

አነሣ። ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን አየችው።

"ምነው፣ ሊዘፍንልን ነው?" አለችና ሳቋ አመለጣት። እላይ ወሬው ቀጥ አለ።

"አሁኑኑ እደፍነዋለሁ።"

"ተወው።"

"ሰው ምን ይላል? እሱ ራሱ ቢያየው ምን ይለኛል?"

"እሱማ ምን ይላል! ሳንባው በሰጋቱራ ተሞልቶ እንኳ መስኮት አላስከፍት ብሎኝ ነው የሄደው።"

ክረምቱን ሁሉ እንዲያ ነበር። ኦጉስት ደረቱን ይዞ እያሳለ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ክሌማንስ መስኮቱ ጋ ቆማ ትለምነዋለች፤ እሱ እርጥቡ ቫርኒሽ አቧራ ይይዛል ብሎ በብሩሹ "ዝጊ" ይላታል። ኤሎዋም ከጥግ ሆኖ ይሰማ ነበር።

"ትንሽ አየር ይግባ ነው ያልኩት፤ ሌላ ምን አልኩ?" አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። "አሁን እንኳ ይግባለት። ተወው፣ ኤሎዋ።"

ኤሎዋ የጠረበውን መድፈኛ አየት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"እሺ። ግን እንዲህ ባዶውን አይወጣም። ከዚህ ቤት ቀለበት ሳይገጠምለት የወጣ ቀዳዳ የለም።"

ከመሳቢያው የነሐስ ቀለበት አወጣ። ቀዳዳው አፍ ላይ አስተካክሎ "ያዢልኝ" አላት። ያዘችለት። ሁለቱን ብሎኖች አጠበቀ፤ የጣቶቿን አሻራ በእጅጌው ጠረገ፤ ካቻቪቴውን መደርደሪያው ላይ አኖረ።